ቆሻሻው የማን ነው? ስለ ሞዴል አውሮፕላን ጥበብ ሂሳዊ አስተያየት

ባለፈው ክረምት ሦስት ወር ሙሉ ጎንበስ ብዬ የሠራሁት ኤፍ-5ኢ ተዋጊ ጄት ከመጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ቆሟል። ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ያለው ስፋት 17 ሳንቲ ሜትር ነው። ያየው ሁሉ አድንቆታል። «እውነተኛ እኮ ነው የሚመስለው!» ያላለኝ እንግዳ የለም፤ ከአንድ ሰው በቀር።

እኚህ ሰው የሠፈራችን ሽማግሌ ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። የጉልምስና ዕድሜያቸውን የጨረሱት በደብረ ዘይት፣ በአየር ኃይል የጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ቡና ሊጠጡ በመጡበት ዕለት መነጽራቸውን አድርገው ሞዴሉን እንደ ጨቅላ ሕፃን ከሥሩ ደግፈው አነሡት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት፤ ሆዱን አዩ፤ ጀርባውን አዩ፤ ሲኒው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ዝም አሉ። በመጨረሻ ቀና ብለው፣

«ለመሆኑ የዚህ አውሮፕላን ክሩ ቺፍ ማን ነው?» አሉኝ።

ክሩ ቺፍ ማለት በአየር ኃይል ቤት አንድን አውሮፕላን በኃላፊነት ተረክቦ የሚንከባከብ መካኒክ ማለት ነው። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ማንም ይሁን ማን፣ እንዲህ አቆሽሾ ለአብራሪ ያስረከበ ሰው መቀጣት ነበረበት» ብለው ሞዴሉን ወደ ቦታው መለሱት።

ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ግጥም፣ ስለ ቴአትር የተጻፈ ሂስ ብዙ አንብቤአለሁ። ይህን ያህል አጭርና ይህን ያህል የሚያም ሂስ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። የሚያመው ደግሞ ያ ቆሻሻ የሥራዬ ድክመት ስላልነበረ ነው። የኮራሁበት እሱ ነበር! ከሦስቱ ወር ውስጥ ሦስት ሙሉ ሳምንት የፈጀብኝ አውሮፕላኑን ማቆሸሹ ነው። ለዚህም ነው ጥያቄያቸውን ተራ የሽማግሌ ነቀፌታ ነው ብዬ ማለፍ ያልቻልሁት። የጋሼ ጥያቄ ስለ እኔ ሞዴል ብቻ ሳይሆን ስለ ጥበቡ በጠቅላላ የቀረበ ነው ባይ ነኝ።

የማትበረዋ ወፍ

ሞዴል አውሮፕላን መሥራት የልጆች ጨዋታ ነው የሚል አንባቢ ካለ ታሪኩን ትንሽ ማስታወስ ይገባል። በአንድ ወጥ ስኬል ተለክተው ከፕላስቲክ የተሠሩ የአውሮፕላን ሞዴሎች ለገበያ የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1936 በእንግሊዝ አገር ነው። አምራቹ «ፍሮግ» ይባላል፤ ሞዴሎቹን «ፔንግዊን» ብሎ ሰየማቸው። ከዚያ በፊት የሚሸጣቸው ሞዴሎች በጎማ ጉልበት የሚበሩ ነበሩና አዲሶቹ እንደማይበሩ ለመንገር ነው በማትበረዋ ወፍ የጠራቸው። እንደ እኔ ከሆነ ለዚህ ጥበብ ከዚህ የተሻለ ስም አልወጣለትም።

ስኬሉ አንድ ለሰባ ሁለት ነበር። ሰባ ሁለት ምን ልዩ ነገር አለው ቢሉ፣ በእንግሊዞች መለኪያ አንድ ኢንች ስድስት ጫማን ይወክላል ማለት ነው። ስድስት ጫማ ደግሞ የአንድ ረጅም ሰው ቁመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል በዚሁ ስኬል ግማሽ ሚሊዮን የእንጨት ሞዴሎችን እንዲሠሩለት የትምህርት ቤት ልጆችን ጠየቀ። ምክንያቱ ጨዋታ አልነበረም። ሞዴሉን በ10 ሜትር ርቀት ላይ ቢሰቅሉት እውነተኛውን አውሮፕላን በ720 ሜትር ርቀት ላይ እንደማየት ነው። ተኳሹ የወዳጁንና የጠላቱን አውሮፕላን ቅርጽ በዚህ እየለመደ በስሕተት የራሱን ሰው ከመግደል ይድናል። እነዚያ ሞዴሎች የሚቀቡት ጥቁር ብቻ ነበር። ኮክፒት የላቸውም፤ ምልክት የላቸውም፤ ቆሻሻማ በጭራሽ። ቅርጻቸው ብቻ ነበር የሚፈለገው።

ልብ እንበል! ይህ ጥበብ በጦርነቱ ዘመን የተፈለገው «እውነተኛ እንዲመስል» ሳይሆን እውነቱን እንዲያሳውቅ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ ወደ ገበያ ወጣ። የእንግሊዙ ኤርፊክስ እ.ኤ.አ. በ1953 የስፒትፋየርን ሞዴል አወጣ። አሜሪካ ሞኖግራምን፣ ጃፓን ታሚያንና ሀሴጋዋን ወለደች፤ ቼኮች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 ኤዱአርድን አቋቋሙ። ትናንት በኪስ ገንዘባቸው ይገዙ የነበሩት ልጆች አደጉና በደመወዛቸው መግዛት ጀመሩ። ልጁ ቅርጹን ካየ ይበቃው ነበር፤ ጎልማሳው ግን እያንዳንዷን ሪቬት መቁጠር ፈለገ። ፔንግዊኗ አሁንም አትበርም፤ ላባዋ ግን አንድ በአንድ ይሣላል።

ስቱኮና ብርጭቆ ወረቀት

የእኔን ሳጥን የላከልኝ አሜሪካ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ነው። ስኬሉ አንድ ለአርባ ስምንት ነው። ሳጥኑ ሲከፈት አውሮፕላን የለም፤ ግራጫ የፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደ ቡና ፍሬ የተንጠለጠሉ ከመቶ በላይ ቁርጥራጮች ናቸው ያሉት። ሥራው የሚጀምረው ከኮክፒቱ ነው። ወንበሩ፣ መሪው፣ የጥፍር ግማሽ የሚያህለው የመሣሪያ ሰሌዳ በወረንጦ እየተያዙ፣ በአጉሊ መነጽር እየታዩ ይቀባሉ። ይህ ሁሉ ቆይቶ ተዘግቶ የማይታይ ነው። ቢሆንም ይሠራል። ለምን ቢሉኝ፣ እኔ አለመሥራቴን አውቃለሁና ነው።

ማጣበቂያው እንደ ተራ ኮላ አይደለም፤ ፕላስቲኩን አቅልጦ ሁለቱን ጎን አንድ ያደርጋል። ብየዳ ነው ማለት ይቻላል። መጋጠሚያው ላይ የሚቀረው ስንጥቅ በስቱኮ ይደፈናል፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ በ400 ቁጥር፣ በ800፣ በመጨረሻም በ1200 ቁጥር፣ በውሃ እየተነከረ። ጋራዥ ገብቶ ላሜራ ሲስተካከል ያየ ሰው ሥራው አይጠፋውም። አፍንጫው ውስጥ እርሳስ ይጨመራል፤ አለዚያ አውሮፕላኑ በጅራቱ ቁጢጥ ይላል። ከዚያ ፕሪመር ይነፋል። ፕሪመር ይሉኝታ የለውም፤ ዓይን ያለፈውን ጭረት ሁሉ ያወጣዋል። ስንቴ «አለቀ» ብዬ ስንቴ ወደ ብርጭቆ ወረቀቱ እንደተመለስሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቀለሙ የሚነፋው በኤርብራሽ ነው። ቀለም ውፍረት እንዳለው የገባኝ ያኔ ነው። በሞዴሉ ላይ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የወፈረ ቀለም በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ አምስት ሚሊ ሜትር ሊሆን ምንም አይቀረው። ያ ቀለም ሳይሆን ልስን ነው! ስለዚህ ስስ አድርጎ፣ ደጋግሞ መንፋት ያስፈልጋል። ከዚያ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ፣ ከዚያ ምልክቶቹ። ሳጥኑ ውስጥ የነበረው የአሜሪካ ኮከብ ነውና የእኛን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ በእጄ ቀባሁት። እስከዚህ ድረስ ያለውን ጋሼም አልነቀፉም። ነገሩ የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው።

የአንድ ሳንቲ ሜትር ስንጥቅ

የዚህ ሙያ ሰዎች ተቀብቶ ያለቀ ሞዴልን «አሻንጉሊት ይመስላል» ይላሉ። አንድ ወጥ ቀለም በ30 ሳንቲ ሜትር ዕቃ ላይ ሕይወት የለውምና አሉባልታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የቤልጂየሙ ፍራንስዋ ቬርሊንደንና የአሜሪካው ሼፐርድ ፔይን በመጽሐፎቻቸውና በሥራዎቻቸው መፍትሔውን በዓለም ዙሪያ አዳረሱት። የቅባት ቀለም በአኳራጅ አቅጥኖ በላሜራዎቹ መጋጠሚያ መስመር ውስጥ ማፍሰስ፤ ጠርዙን በደረቅ ብሩሽ ማንጣት፤ ከዚያ ጭሱን፣ ዘይቱን፣ ዝገቱን መጨመር። ዛሬ ይህ ስልት ሕግ ሆኗል ማለት ይቻላል። በውድድር ላይ ንጹሕ ሞዴል ይዞ መቅረብ ሥራውን ሳይጨርሱ እንደ መምጣት የሚቆጠርበት ቦታ ብዙ ነው።

እኔም ሕጉን አከበርሁ። በእያንዳንዱ መስመር ጥቁር አፈሰስሁ። ከሆዱ ሥር ዘይት አዘራሁ። ክንፉን አቧራ አለበስሁት።

እስቲ በሂሳብ እንየው። በእኔ ሞዴል ላይ የተቀረጸው መስመር ወርዱ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በ48 ሲባዛ ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። በእውነተኛ ተዋጊ ጄት ላሜራ መካከል ትንሿ ጣት የምትገባበት ስንጥቅ ቢኖር አውሮፕላኑ መነሣት አይደለም፣ ከመጠለያው መውጣት አይፈቀድለትም። እኔ ደግሞ ያንን ስንጥቅ በጥቁር ቀለም አጉልቼዋለሁ። ጋሼ ያዩት ይህን ነው። እኛ «እውነተኛ ይመስላል» ያልነውን እሳቸው የተበታተነ አውሮፕላን አድርገው አዩት።

እዚህ ላይ ለሙያው ጥብቅና መቆም ይቻላል። ጥበብ መቼ ነው ያላጋነነው? በቤተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይ የተሣሉት ቅዱሳን ዓይናቸው ከሰው ዓይን ይበልጣል። ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ሲያየን፣ ክፉው በአንድ ጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ ይሣላል። ሠዓሊው የሰውን ፊት ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የመደርደሪያዬ አምፖልም የቢሾፍቱ ፀሐይ አይደለም፤ በትንሽ ዕቃ ላይ የማይወድቀውን ጥላ በቀለም መተካት ያስፈልጋል። ክርክሩ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው።

ይሁን እንጂ ማጋነን ሁሉ አንድ አይደለም። የቅዱሱ ዓይን ሲተልቅ አንድ ነገር ይነግረናል፤ እያየን እንደሆነ። የሞዴሉ ቆሻሻ ሲበዛ ምን ይነግረናል? «ይህን አውሮፕላን የሚጠብቀው ሰው የለም» ነው የሚለው። ማለት የፈለግሁት ግን ይህን አልነበረም። እንግዲህ የጥበብ ሥራ ሠሪው ያላሰበውን፣ ያውም ሐሰት የሆነውን የሚናገር ከሆነ ሂስ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

የቆሻሻ ቋንቋ

በሳምንቱ ወደ ጋሼ ቤት ሄድሁ። ቆሻሻን እንዲያስተምሩኝ ለመንኋቸው። በጣም ነው የሳቁት።

«አየህ ልጄ፣» አሉኝ፣ «አውሮፕላን የምንወለውለው እንዲያምር አይደለም። ቀይ ዘይት ካየህ ሃይድሮሊክ ነው፤ የሆነ ቦታ ያፈስሳል ማለት ነው። ላሜራው ንጹሕ ከሆነ ጠብታዋን ወዲያው ታያታለህ። ቆሻሻ ከሆነ ግን አዲሱን ከአሮጌው በምን ትለየዋለህ? ልጁ በሰማይ ላይ ሳለ ነው የምታውቀው።»

ይህን ስሰማ ያፈስስሁት ዘይት ሁሉ በዓይኔ ላይ ዞረ። ለካ ቆሻሻ ጽሕፈት ነው! መነሻ አለው፣ አቅጣጫ አለው፣ ትርጉም አለው። ነፋስ ወደ ኋላ ይስበዋል፤ አውሮፕላኑ ሲቆም ደግሞ ክብደቱ ወደ ታች ያንጠባጥበዋል። እኔ ፊደሉን ሳላውቅ ገጹን በሙሉ ሞንጭሬበታለሁ። የሚያነብብ ሰው እስኪመጣ ድረስ ጽሑፍ ይመስል ነበር።

ጋሼ ንጹሕ አውሮፕላን ሁሉ እውነት ነው አላሉም። ኤፍ-5ኢ አፍንጫው ላይ ሁለት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፎች አሉት፤ ከተኮሰ በኋላ በአፈሙዞቹ አካባቢ ጥላሸት ይቀራል። በሞተሮቹ ጭስ መውጫ ያለው ብረት በሙቀት ቀለሙን ይለውጣል፤ ገለባ መሳይ ይሆናል፣ ወደ ሰማያዊም ይሄዳል። አብራሪውና መካኒኩ የሚረግጡት ቦታ ቀለሙ ይሳሳል። ፀሐይም ቀለምን ታፈዝዛለች። በአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው፤ የባሕር ጨው ብረቱን ይበላል፣ መካኒኩም ዝገት ባየበት ሁሉ ቀለም እየለጠፈ ይሄዳል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኤፍ-14 አውሮፕላኖች በዝንጉርጉርነታቸው የታወቁ ነበሩ። የኤፍ-14ን ሞዴል ያቆሸሸ ሰው እንግዲህ አልዋሸም። ጥፋቱ የአንዱን አውሮፕላን ታሪክ ለሌላው ማልበሱ ነው። በልብ ወለዳችንም ይህ በሽታ አለ፤ ገጠር ሲባል ጭቃ፣ ድሃ ሲባል ቡትቶ ካልተጻፈ እውነት ያልተጻፈ የሚመስለው ደራሲ ጥቂት አይደለም። ድሃዋ እናት የልጇን አንድ ሸሚዝ በየማታው አጥባ እንደምታሰጣ አላየም።

ያልተሣለው

ከሁሉ ይበልጥ ያሰበኝ ግን ሌላ ነው። የእኔ ሞዴል የ1969 እና የ70 ዓ.ም. ዘመን አውሮፕላን ነው። ታሪኩን የማያውቅ አንባቢ ብዙ አይመስለኝም። የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር ሚግ-21 አውሮፕላኖቹን ያገኘው ከሶቪየት ኅብረት ነበር፤ የእኛ ኤፍ-5 ደግሞ ከአሜሪካ። ደርግና አሜሪካ ተጣልተው ስለነበር መለዋወጫ እንደ ልብ አይገኝም። ጥቂት ቆይቶ ሶቪየቶች ከሶማሊያ ተባርረው ወደ እኛ ዞሩ፤ ሚግ-21 በእኛም አየር ኃይል ገባ። ዛሬ በሞዴል መሸጫ ሱቅ ሁለቱ ሳጥኖች በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የአንዱም ሥዕል ስለዚያ አይናገርም።

እንግዲህ በዚያ ጊዜ እነዚያ ኤፍ-5ዎች ይበሩ የነበሩት ከአብራሪዎቹ ጀግንነት ሌላ በምን ነበር? በጋሼና በጓደኞቻቸው ጨርቅና ካቻቢቴ ነው። መለዋወጫ በሌለበት አገር ንጽሕና ቅንጦት አይደለም፤ መለዋወጫው እሱ ነው። እኔ «እውነተኛ ላድርገው» ብዬ ያለበስሁት ቆሻሻ የእነዚህን ሰዎች ሥራ ፍቆ ያጠፋ ነበር። በመደርደሪያዬ ላይ ያቆምሁት አብራሪ ያለው፣ መካኒክ የሌለው ጦርነት ነበር።

የአብራሪውም ነገር ቢሆን ሙሉ አይደለም። ሞዴል ሠሪዎች በጦር ሜዳ የተጣለ የጠላት አውሮፕላን ምልክት አፍንጫው ላይ መለጠፍ ይወዳሉ። ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ በኤፍ-5 የሶማሊያን ሚጎች ከጣሉት አብራሪዎቻችን አንዱ ናቸው፤ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማርከው 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ቆይተዋል። ለጣሏቸው አውሮፕላኖች ምልክት መለጠፍ ይቻላል። ለ11 ዓመት ምን ይለጠፋል? የተጣለው ሚግ ውስጥ ለነበረውስ ሰው? አንድ ለአርባ ስምንት ሲባል ርዝመቱ ብቻ አይደለም የሚያንሰው። ክብደቱ በ48 ሦስት ጊዜ ይካፈላል፤ ከ4 ቶን በላይ የሚመዝነው ብረት ወደ 40 ግራም ይወርዳል። ድምፁ ይጠፋል። ፍርሃቱ ይጠፋል። ቆሻሻው ብቻ ሳይቀንስ ይቀራል፤ እንዲያውም ይጨምራል! በጥቃቅኑ ነገር እውነትን የሚምል ጥበብ ትልቁን ነገር እንዳልያዘ የሚያስረሳን እንዲህ ነው።

ይህን ስል ሥራው ይቅር፣ ሞዴል አይሠራ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ጥበቡ ከዚህ የሚልቅ ነገር ማድረግ ይችላል የሚል እምነት አለኝ። እንደዚያ ዘመን ጥቁር የእንጨት ሞዴሎች ማሳወቅ ይችላል። የሚፈለገው ሠሪው ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅ ነው። ይህ ጠብታ ከየት መጣ? ማንስ ሊጠርገው ነበር?

እኔም ጀመርሁ። የደረቀው ቫርኒሽ በአኳራጅ አልለቅ ስላለኝ ክንፉንና ሆዱን በ1200 ቁጥር አሽቼ እንደገና ቀባሁ። መስመሮቹን በጥቁር ሳይሆን ከቀለሙ ጥቂት በጠቆረ ግራጫ ነካሁ፤ ቀርቦ ያላየ አያያቸውም። በአፈሙዞቹ ዙሪያ ያለውን ጥላሸት ተውሁት። መካኒኩን መሥራት ስላልቻልሁ ምልክቱን ላስቀምጥ ብዬ ከስስ ወረቀት የተቆረጠች፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል የመወልወያ ጨርቅ በክንፉ ላይ አኖርሁ። ስለ እውነቱ፣ በዚያች ጨርቅ በጣም ኮርቼ ነበር።

ጋሼ መጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ሆዱን አዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። መስመሮቹን በጥፍራቸው ዳሰሱ። «አሁን ይነሣል» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ጨርቋ ላይ ዐረፈ።

«ይቺን ግን አንሣት» አሉኝ። «ጨርቅ አውሮፕላን ላይ ትቶ የሚሄድ መካኒክ የለም። ሞተር ውስጥ ከገባች ሰው ትገድላለች። ሥራህን ስትጨርስ ጨርቅህን ቆጥረህ ኪስህ ትከትታለህ።»

በወረንጦ አነሣኋት። አሁን ሞዴሉ ላይ መካኒኩ መኖሩን የሚያሳይ ምንም ምልክት የለም፤ ከንጽሕናው በቀር። የሚመጡት እንግዶች ደግሞ «የበፊቱ ይሻል ነበር፣ ያኔ እውነተኛ ይመስል ነበር» ይሉኛል።